«ፓስ»፦ የአንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ልዩ ልዩ ትርጉሞችና ምንጮች

መግቢያ

አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ «መንገዱ ተራራውን በአንድ ከፍተኛ ፓስ በኩል ያቋርጣል» የሚል መልእክት ያለው ዐረፍተ ነገር አገኘ እንበል። «ፓስ» ለዚህ ተማሪ አዲስ ቃል አይደለም፤ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን በአንድ ፍች ብቻ ነው፤ ይኸውም «ፈተና አለፈ» በሚለው ነው። ስለዚህ ከፍተኛ የማለፊያ ውጤት ከተራራና ከመንገድ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግራ ይገባዋል። ተማሪው ከኩታበር የመጣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ የሚያስገርም ይሆናል። የትውልድ ቀዬው ስም የሚያበቃው የአማርኛ ተናጋሪ ተራራን ለሚያሳልፍ ስፍራ በሚጠቀምበት ቃል፣ በ«በር» ነውና።

ይህ ዓይነቱ ችግር በአንድ ቃልና በአንድ ተማሪ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ደንግጓል። በዚህ መንገድ የመጣ ተማሪ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሻገር የሚያጋጥሙት ረጃጅምና እንግዳ የሆኑ የሳይንስ ቃላት ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ረጃጅሞቹን ቃላት መምህሩ ያብራራቸዋል፤ መጽሐፉም ይተረጉማቸዋል። ሳይስተዋሉ የሚያሳስቱት የታወቁ የሚመስሉት አጫጭር ቃላት ናቸው። መምህሩ ተማሪው ያውቃቸዋል ብሎ ያልፋቸዋል፤ ተማሪውም አውቃቸዋለሁ ብሎ አይጠይቅባቸውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ፓስ» የተባለችውን ቃል እንደ ምሳሌ ወስዶ ከየት እንደ መጣች፣ ትርጉሞቿ እንዴት እንደ በዙ፣ ከአማርኛዎቹ «አለፈ» እና «በር» ጋር የት እንደምትገናኝና የት እንደምትለያይ መግለጽ፣ በመጨረሻም ይህ ዕውቀት ለክፍል ውስጥ ትምህርትና ለመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት የሚሰጠውን ጥቅም ማመልከት ነው።

1. የቃሉ ምንጭ

«ፓስ» በመነሻው የእንግሊዞች ቃል አይደለም፤ ሥሩ የሚገኘው በላቲን ቋንቋ ነው። በላቲን «ፓንደሬ» መዘርጋት ማለት ሲሆን፣ ከዚሁ ግሥ የተገኘው «ፓሱስ» የተባለው ስም የእግርን መዘርጋት፣ ማለትም ርምጃን ያመለክታል። ሮማውያን ይህንኑ ቃል የርቀት መለኪያ አድርገውት ነበር። አንድ ፓሱስ ማለት አንድ እግር ከመሬት ከተነሣበት ቦታ አንሥቶ ያው እግር ተመልሶ እስከሚያርፍበት ቦታ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ይህም 5 የሮማ ጫማ፣ በዛሬው መለኪያ 1.48 ሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ሺህ ፓሱስ በላቲን «ሚሌ ፓሱስ» ይባል ነበር። «ሚሌ» ሺህ ማለት ስለሆነ ዛሬ «ማይል» የሚባለው የርቀት መለኪያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ከደሴ እስከ ኩታበር ያለው 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዚህ ስሌት 13,500 ፓሱስ ገደማ ይሆናል። መንገዱን በእግሩ የሄደበት ተማሪ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም።

የሮማ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የላቲን ቋንቋ በየአገሩ ተለዋውጦ ጣሊያንኛን፣ ፈረንሳይኛን፣ ስፓኝኛንና ሌሎችንም ቋንቋዎች አስገኘ። «ፓሱስ» በጣሊያንኛ «ፓሶ»፣ በፈረንሳይኛ «ፓ» ሆነ። ከስሙም «መራመድ፣ ማለፍ» የሚል ፍች ያለው ግሥ ተፈጠረ፤ ይህም በፈረንሳይኛ «ፓሴ» የሚባለው ነው። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ ፈረንሳይኛ በእንግሊዝ አገር የቤተ መንግሥትና የሹማምንት፣ በኋላም የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ። በዚህ ምክንያት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገቡ፤ «ፓስ»ም ከነዚሁ አንዱ ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በአንድ በር ብቻ አለመሆኑ ነው። ግሡ «ማለፍ» የሚለውን ፍች ይዞ ገባ። ስሙ ደግሞ «ርምጃ፣ መተላለፊያ» የሚለውን ፍች ይዞ ገባ። ይኸው ስም በሌላ አነባበብ «ፔስ» ሆኖ እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ «ርምጃ፣ የአካሄድ ፍጥነት» ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ በአንድ ፊደል አጻጻፍ የሚታየው «ፓስ» ከአንድ ምንጭ ተነሥተው፣ በሁለት ቦይ ወርደው፣ ተመልሰው የተገናኙ ቃላት ውጤት ነው።

2. የትርጉሙ መስፋፋት

የ«ፓስ» ትርጉሞች በመዝገበ ቃላት ውስጥ በተራ ቁጥር ተደርድረው ሲታዩ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ሆኖም መነሻውን ላስተዋለ ሰው ሁሉም ከአንድ ሥዕል የሚወጡ ናቸው። ሥዕሉም አንድ ሰው እየተራመደ ሄዶ አንድን ወሰን ሲሻገር የሚያሳይ ነው። ወሰኑ በተለወጠ ቁጥር ትርጉሙም ይለወጣል።

ወሰኑ ቤት ወይም ዛፍ ቢሆን ቃሉ «በአጠገቡ ሄደ» ማለት ይሆናል። ወሰኑ ጊዜ ቢሆን ሰዓቱ፣ ዓመቱ ያልፋል። «ያለፈ» የሚል ፍች ያለውና በሰዋስው ትምህርት የኃላፊ ጊዜ መጠሪያ የሆነው «ፓስት» የተባለው ቃልም የዚሁ ግሥ የቀድሞ ቅርጽ ነው። «ፓስታይም» የሚባለው ጊዜ ማሳለፊያ ጨዋታ ነው። ወሰኑ ፈተና ቢሆን ተማሪው ከተወሰነው ነጥብ በላይ አምጥቶ ተሻገረ ማለት ይሆናል። ወሰኑ የምክር ቤት ድምፅ ቢሆን ረቂቁ ድምፅ አግኝቶ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ወሰኑ የሕይወት ፍጻሜ ቢሆን፣ «ፓስ አዌይ» በሚለው አነጋገር፣ ሞተ ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ የሚሻገረው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። በኳስ ሜዳ ኳሱ ከአንዱ ተጫዋች እግር ወደ ሌላው ይሻገራል። በማዕድ ላይ ጨው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በካርታ ጨዋታ ተራው የደረሰ ሰው ሳይጫወት ተራውን ለሚቀጥለው ሲለቅ እንዲሁ «ፓስ» ይላል። የአገራችን ካርታ ተጫዋቾችም ይህንኑ ቃል እንዳለ ወስደው ይጠቀሙበታል።

ከዚህም ሌላ ለመሻገር የሚያስፈልገው ፈቃድ በዚሁ ቃል ይጠራል። «ፓስ» የይለፍ ወረቀት ነው፤ «ፓስወርድ» የይለፍ ቃል ነው። «ፓስፖርት» የተባለውም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «ፓሴ» የሚለው ግሥ «ፖር» ከተባለው የወደብ መጠሪያ ጋር ተጣምሮ የተሠራ ቃል ነው። «ፓሰንጀር» መንገደኛ ነው፤ «ፓሴጅ» መተላለፊያ ነው፤ ከመጽሐፍ ተቆርጦ ለንባብ የሚቀርብ ምንባብም በዚሁ ስም ይጠራል። ተማሪዎች በሒሳብ ክፍል ክብ የሚሠሩበት «ኮምፓስ» ሳይቀር ከዚሁ ከ«ፓሱስ» ይወለዳል፤ ጥንታዊ ፍቹም በርምጃ መለካት እንደ ማለት ነው።

3. ኩታበርና «በር»

ከላይ ከተዘረዘሩት ትርጉሞች ለኢትዮጵያዊ ተማሪ በጣም ቅርብ መሆን ሲገባው በትምህርት ቤት እምብዛም የማይነሣው የመልክዐ ምድሩ ትርጉም ነው። በእንግሊዝኛ «ማውንቴን ፓስ» የሚባለው በሁለት ከፍታዎች መካከል ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው የሚያሻግር ስፍራ ነው። በጣሊያንኛም «ፓሶ» ርምጃም ነው፤ የተራራ መሻገሪያም ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ ይህንኑ ስፍራ ሲሰይም ሌላ ሥዕል ተጠቅሟል። ተራራው እንደ ቅጥር ወይም እንደ ግድግዳ ታየው፤ መሻገሪያው ደግሞ በቅጥሩ ላይ እንዳለ በር ታየው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ከደብረ ሲና በላይ የሚያልፍበት ስፍራ ጣርማበር ይባላል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው የዋሻ መንገድ የሠሩት በዚሁ ስፍራ ነው። በደቡብ ጎንደር ዓለም በር የሚባል ከተማ አለ። ኩታበርም ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ተንታና ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኝ የደጋ ከተማ ሲሆን ስሙ በዚሁ ቃል ይጨርሳል።

እንግዲህ ለአንድ ዓይነት መልክዐ ምድር ሁለት ቋንቋዎች ሁለት የተለያዩ ሥዕሎችን መረጡ። የላቲን ልጆች የሆኑት ቋንቋዎችና እንግሊዝኛ የተጓዡን እግር ተመለከቱ፤ አማርኛ የተራራውን መከፈት ተመለከተ። ሁለቱ ሥዕሎች በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። በር የሚከፈትም የሚዘጋም ነው፤ ማለፍም የሚፈቀድም የሚከለከልም ነው። በዱሮ ዘመን ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍልባቸው ኬላዎች በወንዝ መሻገሪያና በተራራ በር ላይ ይቋቋሙ የነበረው ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛም ቦታውና የይለፍ ወረቀቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ከዚህ የተለየ ትምህርት አይሰጥም። በር ባለበት ጠባቂ አለ፤ ጠባቂ ባለበትም «ይለፍ» የሚል ፈቃድ ያስፈልጋል።

ይህ ልዩነት ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። አንደኛው ከላይ እንደ ተገለጸው «ፓስ» የሚለውን በ«ፈተና አለፈ» ብቻ መተርጎም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጣርማበርን በእንግሊዝኛ እንዲገልጽ የተጠየቀ ተማሪ «በር» የሚለውን ቃል የቤት መዝጊያ በሚጠራበት በ«ዶር» መተርጎሙ ነው። በሁለቱም በኩል ስሕተቱ የሚመጣው ከአንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም አንድ ቃል ያለው አንድ ፍች ብቻ ነው ብሎ ከመገመት ነው።

4. ከአማርኛው «አለፈ» ጋር ሲነጻጸር

የእንግሊዝኛውን «ፓስ» ለማስተማር ከሁሉ የበለጠ መሣሪያ ራሱ የአማርኛው «አለፈ» ነው። የግእዙ ቅርጽ «ኀለፈ» ሲሆን የዐረብኛው «ኸለፈ» ዘመዱ ነው። በዐረብኛው ፍቹ ተከትሎ መምጣት፣ መተካት ሲሆን «ኸሊፋ» የሚለው ስም፣ ማለትም ተተኪ፣ ከዚሁ የወጣ ነው። በወሎ በቁርኣን ትምህርት ቤት ያለፉ ተማሪዎች ይህን ቃል ያውቁታል።

«አለፈ» እና «ፓስ» ዝምድና የሌላቸው፣ የአንዱ ዘር ከሌላው ዘር የራቀ ቃላት ናቸው። እንዲህም ሆኖ ትርጉማቸው በሚያስደንቅ ሁኔታ ይመሳሰላል። በሁለቱም ቋንቋዎች ጊዜ ያልፋል፤ መንገደኛ ያልፋል፤ ተማሪ ፈተና ያልፋል፤ የሰው ሕይወት ያልፋል። እንግሊዝኛ በሰዋስው «ፓስት» የሚለውን፣ አማርኛም «ኃላፊ ጊዜ» የሚለውን ሲጠቀሙ ሁለቱም ጊዜውን የሰየሙት ከማለፍ ነው። እንግሊዝኛ ሕግን በ«ፓስ» እንደሚገልጸው ሁሉ በአማርኛ ምክር ቤት ውሳኔ ያሳልፋል። «ትረስፓስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል በጥንተ ፍቹ ወዲያ ማዶ ማለፍ፣ ከተከለከለ ወሰን መግባት ማለት ነው። አማርኛም ሕግን የጣሰ ሰው «ሕግ ተላለፈ» ይላል። የይለፍ ወረቀትና የይለፍ ቃልም እንዲሁ ናቸው። ይህ ሁሉ የሆነው አንዱ ቋንቋ ከሌላው ስለ ተዋሰ አይደለም። የሰው ልጅ በየትም አገር የሚራመድና የሚሻገር በመሆኑ የማይታየውን ነገር በሚታየው ለመግለጽ ተመሳሳይ መንገድ ስለሚከተል ነው።

ነገር ግን መመሳሰሉ ሙሉ አይደለም፤ አደጋውም የሚገኘው ከዚህ ላይ ነው። በማዕድ ላይ እንግሊዛዊው ጨው «ፓስ» እንዲያደርጉለት ይጠይቃል። አማርኛ ተናጋሪ ግን «አቀብለኝ» ይላል እንጂ «አሳልፈኝ» አይልም፤ «አሳልፈኝ» መንገድ ልቀቅልኝ ማለት ነውና። በአማርኛ «አሳላፊ» በድግስ ላይ ምግብና መጠጥ የሚያቀርብ ሰው ነው፤ «አሳልፎ ሰጠ» ደግሞ ከዳ ማለት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ፍችዎች በእንግሊዝኛው «ፓስ» ውስጥ የሉም። «አለፈለት» የሚለው፣ ማለትም ከችግር ወጥቶ ኑሮው ተሻሻለ የሚለው፣ በእንግሊዝኛው ቃል ሊገለጽ አይችልም። «ኃላፊ» እና «ኃላፊነት» ከዚሁ ሥር የመጡ ሆነው ሳለ በእንግሊዝኛው በኩል አቻ የላቸውም። የተራራውን መሻገሪያ በሚመለከት ደግሞ አማርኛ «አለፈ»ን ትቶ «በር»ን እንደ ወሰደ ቀደም ብሎ ተገልጿል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው «ማለፊያ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ «ማለፊያ ሥራ ነው» ሲባል እጅግ ጥሩ ነው ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ከ«ፓስ» የወጣው «ፓሰብል» የሚለው ቅጽል ግን ሥራው መካከለኛ ነው፣ ከመውደቅ ብቻ ተርፏል ማለት ነው። ተማሪው በደብተሩ ላይ ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፎ ቢያገኝ ምስጋና መስሎት ሊደሰት ይችላል፤ መምህሩ ግን ያመሰገነው አይደለም።

5. መልካቸው አንድ፣ ዘራቸው የተለያየ ቃላት

የቃላትን ምንጭ መመርመር ዘመዳሞቹን ለማገናኘት ብቻ ሳይሆን ባዕዳኑን ለመለየትም ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ ሰዋስው «ፓሲቭ» የሚባለው የተደራጊ ግሥ መጠሪያ ከ«ፓስ» የመጣ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በላቲን «ፓቲ» የሚባል፣ መቀበል፣ መታገሥ፣ መከራ መቀበል የሚል ፍች ያለው ግሥ አለ። ይህ ግሥ በአንዱ ርባታው «ፓሱስ» ይሆናል። መልኩ «ርምጃ» ከሚለው «ፓሱስ» ጋር አንድ ነው፤ ዘሩ ግን ሌላ ነው። «ፓሲቭ» የድርጊቱ ተቀባይ፣ «ፓሽን» ሕማም ወይም ብርቱ ስሜት፣ «ፔሸንት» ታጋሽ ወይም ታማሚ ማለት ሲሆን ሦስቱም የ«ፓቲ» ልጆች ናቸው። ይህን የተረዳ መምህር በተደራጊ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱ ድርጊቱን ተቀባይ መሆኑን ለማስረዳት ቃሉ ራሱ ያግዘዋል። በአዲስ አበባ «ፓስተር» ተብሎ የሚጠራው ሰፈርም ከ«ፓስ» ጋር አይገናኝም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1822 እስከ 1895 በኖረው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት በሉዊ ፓስተር ስም ከተሰየመው ተቋም ሲሆን የቤተሰቡ ስም በፈረንሳይኛ እረኛ ማለት ነው።

«ፓስኦቨር» የሚለው ቃል ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ዊልያም ቲንደል የኦሪትን መጻሕፍት ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1530 ሲያሳትም ለዕብራይስጡ «ፔሳሕ» አቻ እንዲሆን «ፓስ» እና «ኦቨር» የሚሉትን ቃላት አጣምሮ የሠራው ነው። «ፋሲካ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያው ከዕብራይስጡ ቃል በአራማይክና በግሪክ በኩል ነው። የ«ፓስ» እና የ«ፔሳሕ» ድምፅ መቀራረብ አጋጣሚ ብቻ ነው። በግእዝ ከፋሲካ ጋር የሚነገረው «ማዕዶት» የሚለው ቃልም መሻገር ማለት በመሆኑ የቲንደል አተረጓጎም ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይሆንባቸውም።

አማርኛም ተመሳሳይ ምሳሌ አለው። «እልፍ» ሲባል 10,000 ማለት ነው፤ «እልፍ በል» ሲባል ደግሞ ፈቀቅ በል፣ ወደዚያ እለፍ ማለት ነው። በአማርኛ ሁለቱ በድምፅ አንድ ሆነዋል። ወደ ግእዝና ወደ ዐረብኛ ሲኬድ ግን ልዩነታቸው ይገለጣል። ቁጥሩ ከዐረብኛው «አልፍ»፣ ማለትም ሺህ ከሚለው ጋር ይዛመዳል፤ ግሡ ደግሞ ቀደም ሲል ከተጠቀሰው ከ«ኀለፈ» እና ከ«ኸለፈ» ጋር ይዛመዳል። የመጀመሪያው ፊደል «አ» እና «ኀ» መሆኑ ዘራቸውን ለይቶ ያሳያል። ተማሪው በራሱ ቋንቋ ይህን አንዴ ካየ በእንግሊዝኛም መልክ አንድ ስለሆነ ብቻ ዘር አንድ ነው ብሎ አይፈርድም።

6. ለክፍል ውስጥ ትምህርትና ለዕቅድ የሚሰጠው ጥቅም

በትምህርት ሚኒስቴር በተገለጸው መሠረት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያቶች ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉንም በቃላት ዕውቀት ማነስ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ሆኖም አብዛኛው ፈተና የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውን በትክክል ያላነበበ ተማሪ ትምህርቱን ቢያውቅም እንኳ መልሱን ሊያገኝ አይችልም። «ማለፍ» የሚለው ቃል ለብዙ ሺህ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የሚሸከመው ክብደት ይህን ያህል ሆኖ ሳለ፣ የእንግሊዝኛው አቻ በአንድ ፍች ብቻ ተሸምድዶ መቅረቱ ሊታሰብበት ይገባል።

ለመምህራን የሚከተለው ቅደም ተከተል ሊጠቅም ይችላል።

ሀ/ ቃሉን ብቻውን አለማስተማር። «ፓስ ማለት አለፈ ማለት ነው» ብሎ በሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ቃሉን በአራት ወይም በአምስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ማቅረብ፣ ተማሪዎችም በአጠገቡ ያሉትን ቃላት እንዲያስተውሉ ማድረግ ይገባል። በአጠገቡ ኳስ ካለ ማቀበል ነው፤ ረቂቅ ሕግ ካለ ማጽደቅ ነው፤ ተራራ ካለ በር ነው። ፍቹን የሚወስኑት ጎረቤቶቹ ናቸው።

ለ/ ከሚታወቀው መነሣት። በደቡብ ወሎ ያለ መምህር ኩታበርን፣ ጣርማበርን፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን አቀበት በምሳሌነት ሊጠቀም ይችላል። ተማሪዎቹ በአካባቢያቸው በ«በር» የሚጠሩ ስፍራዎችን ሰብስበው እንዲያመጡ ቢታዘዙ የጂኦግራፊና የቋንቋ ትምህርት በአንድነት ይሄዳሉ። የኳስ ሜዳውም ያገለግላል፤ ተጫዋቹ «ፓስ» የሚያደርገው ኳስ በመጨረሻ የሚያርፈው «በረኛ» የሚጠብቀው በር ላይ ነውና።

ሐ/ የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን መለየት። ሰሌዳው ለሁለት ተከፍሎ በአንድ በኩል «አለፈ» እና «ፓስ» የሚስማሙባቸው፣ በሌላው በኩል የማይስማሙባቸው አነጋገሮች ቢጻፉ ተማሪው የቃል በቃል ትርጉምን አደጋ በዓይኑ ያያል። «አቀብለኝ» እና «ማለፊያ» ለዚህ በቂ ምሳሌዎች ናቸው።

መ/ የቃሉን ታሪክ በመጠኑ ማንሣት። ዓላማው ተማሪውን ላቲን ማስተማር አይደለም። ነገር ግን «ርምጃ» የሚለው መነሻ አንዴ ከተነገረ አሥር የተበታተኑ ፍችዎች በአንድ ክር ይያዛሉ። በክር የተያዘ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይረሳም።

ለዕቅድ አውጪዎችና ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ሁለት ነጥቦች ሊጠቀሱ ይገባል። አንደኛ፣ በመጻሕፍት መጨረሻ የሚቀርበው የቃላት መፍቻ ረጃጅሞቹን ሙያዊ ቃላት ብቻ ሳይሆን በዚያ የትምህርት ዓይነት ልዩ ፍች የሚይዙትን አጫጭር ቃላትም ቢያካትት መልካም ነው። «ቴብል» በእንግሊዝኛ ክፍል ጠረጴዛ ነው፤ በሒሳብና በሳይንስ ክፍል ሠንጠረዥ ነው። «ሚን» በግሥነት «ማለት» ነው፤ በቅጽልነት «ንፉግ» ነው፤ በሒሳብ ደግሞ «አማካይ» ነው፤ ሦስቱም ከሦስት የተለያዩ ምንጮች የመጡ ናቸው። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩና የሌሎቹ ትምህርቶች መምህራን እንደነዚህ ያሉትን ቃላት በጋራ ለይተው ቢያስተምሩ፣ አንዱ ያስተማረው ፍች ለሌላው ትምህርት እንቅፋት መሆኑ ይቀራል።

መደምደሚያ

«ፓስ» በአጻጻፏ ከአንድ ክንድ በላይ የማትረዝም ቃል ብትመስልም ከሮማ ወታደር ርምጃ ተነሥታ፣ በፈረንሳይ በኩል አልፋ፣ ፈተናን፣ ሕግን፣ ጊዜን፣ ኳስንና ተራራን አዳርሳለች። ትርጉሞቿ የብዙ ቃላት ክምችት መስለው ቢታዩም የአንድ ሥዕል ቅርንጫፎች ናቸው። አማርኛም በ«አለፈ» እና በ«በር» ተመሳሳይ ሥዕሎችን በራሱ መንገድ ሥሏል። የመምህሩ ተግባር እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማሳየት ነው።

ከኩታበር የመጣው ተማሪ በመግቢያው የተጠቀሰውን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ የሚያስፈልገው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። ስፍራውን ያውቀዋል፤ ተሻግሮበታልም፤ በቋንቋውም ስም አለው። የጎደለው ያ ስፍራና በደብተሩ ላይ የተጻፈው አጭር ቃል የሚገናኙ መሆናቸውን የሚነግረው ሰው ብቻ ነው።